የድሮ የጊታር አምፕ ድምፅ በሶፍትዌር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው አምፕ?

ፌንደር ትዊድ ደሉክስ የሚባለው የጊታር ማጉያ (አምፕ) ቮሊዩሙ እስከ 12 ተከፍቶ ሲያጓራ የሚሰማውም፣ የዚያው የፌንደር ትዊን ሪቨርብ ቮሊዩሙ 4 ላይ ሆኖ እንደ ደወል ጥርት ብሎ የሚያወጣውም "የድሮ አምፕ ድምፅ" ይባላል። ምንጫቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጨናነቅ የሚፈጠር ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ከቶን መቆጣጠሪያዎቹ፣ ከስፕሪንግ ሪቨርቡ (በሽቦ ጥምዝ ከሚሠራው ማስተጋቢያ)ና ከስፒከሩ ይወጣል። ለአንዱ የሚስማማ ሶፍትዌር ሌላውን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ፕለጊን (በሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም) ከመግዛት ወይም ከማውረድ በፊት የምትፈልጉት ድምፅ ከአምፑ የትኛው ክፍል እንደሚመጣ ለዩ። የአምፑ ስም ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም።

ከዚህ በታች የሚወዳደሩት ሦስት መንገዶች ናቸው፦ የሰርኪዩት ሞዴል፣ ካፕቸር፣ እና እውነተኛ አምፕ ከሎድ ቦክስ (ስፒከሩን ተክቶ የአምፑን ጉልበት ከሚውጥ መሣሪያ)ና ከሶፍትዌር ካቢኔት (የስፒከር ሣጥን) ጋር።

ድምፁ የሚሠራው የት ነው?

በቲዩብ አምፕ ውስጥ ሲግናሉ መጀመሪያ በፕሪአምፕ ቲዩቦች፣ ቀጥሎ በፓወር ቲዩቦችና በአውትፑት ትራንስፎርመሩ፣ በመጨረሻም በስፒከሩ ያልፋል። ከጀርባ ደግሞ ሁሉንም የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ አለ። በቀረጻ ላይ ማይክሮፎኑም እንደ አንድ ክፍል ይቆጠራል።

ትዊድ ደሉክስ፣ በተለይ 5ኢ3 የሚባለው የ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሰርኪዩት፣ ሁለት 6ቪ6 ፓወር ቲዩብ፣ 5ዋይ3 ሬክቲፋየር ቲዩብ (የመብራቱን ኃይል ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚቀይር)ና አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለው፤ ጉልበቱ 15 ዋት ገደማ ነው። ክሩ በኃይል ሲመታ የፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጅ ለቅጽበት ይወርድና ይመለሳል፤ ኖታው መጀመሪያ ጭምቅ ይልና ከዚያ ያብባል። ስፒከሩም በዚያው ልክ እየተጨነቀ ነው። ማለትም የዚህ አምፕ ድምፅ ከሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ቮክስ ኤሲ30 አራት ኢኤል84 ቲዩብና ሁለት ሴለስቺን ብሉ ስፒከር ይዞ፣ እንደ ትዊድ ደሉክሱ ሁሉ ኔጋቲቭ ፊድባክ (ከመውጫው ጥቂት ሲግናል ወደ ኋላ መልሶ ድምፁን የሚያርም ዘዴ) የለውም። ኔጋቲቭ ፊድባክ የሌለው ፓወር አምፕ ስፒከሩ የሚያሳየውን የኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) ለውጥ እየተከተለ ድምፁን ይቀይራል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ሎድ ቦክስ ስንመርጥ እንመለስበታለን።

የማርሻል የመጀመሪያው አምፕ ጄቲኤም45 በ1962 ለንደን ውስጥ ሲሠራ መነሻው የፌንደር ቤዝማን 5ኤፍ6-ኤ ሰርኪዩት ነበር። ኋላ የመጣው ባለ 100 ዋቱ ሱፐር ሊድ፣ "ፕሌክሲ" የሚባለው፣ አራት ኢኤል34 ቲዩብ አለው። ሬክቲፋየሩ ቲዩብ ሳይሆን ዳዮድ ስለሆነ ቮልቴጁ እንደ ትዊዱ አይዋዥቅም፤ አመታቱ ጥብቅ ነው። ዲስቶርሽኑ በአብዛኛው ከፌዝ ኢንቨርተሩ (ሲግናሉን ለፓወር ቲዩቦቹ ከሚከፍለው ክፍል)ና ከፓወር ቲዩቦቹ ስለሚመጣ በጣም ካልጮኸ አይገኝም።

ትዊን ሪቨርብ በ85 ዋቱ ሳይጨናነቅ ስለሚሠራ ሁሉም ነገር ያለው ቶን መቆጣጠሪያው፣ ሪቨርቡ፣ ቪብራቶ ተብሎ የተጻፈበት ትሬሞሎው (ጩኸቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያወዛውዘው)ና ስፒከሮቹ ላይ ነው።

የሰርኪዩት ሞዴል

እዚህ ገንቢዎቹ የአምፑን ሰርኪዩት ወስደው እያንዳንዱን ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ ቲዩብና ትራንስፎርመር በሒሳብ ቀመር ይተካሉ። አምፕሊቲዩብ፣ ጊታር ሪግ፣ ሂሊክስ ኔቲቭና የኒዩራል ዲኤስፒ ፕለጊኖች በሰፊው የሚታወቁ አምፕ አስመሳዮች ናቸው። ሰርኪዩቱን ምን ያህል በዝርዝር እንደሚከተሉ ግን ከፕለጊን ፕለጊን፣ አንዳንዴም በአንድ ፕለጊን ውስጥ ከአምፕ አምፕ ይለያያል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም መቆጣጠሪያዎቹ እውነተኛ መሆናቸው ነው። ቮሊዩሙን ከ4 ወደ 7 ስታዞሩ በመካከል ያለው ሁሉ አለ። ሪቨርብና ትሬሞሎም አብረው ይሠራሉ። ጉዳቱ፣ ጥሩውን ከደካማው መለየት ከባድ መሆኑ ነው። አንዳንዱ "ሞዴል" የአምፑን ስም የለበሰ ዲስቶርሽንና ከኋላው የተቀመጠ ኢኪው (የቃና ማስተካከያ) ብቻ ነው። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ሦስት ነገሮችን ፈትሹ።

በትዊን ሪቨርብ ሞዴል ላይ ትሬብል፣ ሚድልና ቤዝን ሦስቱንም ዜሮ አድርጉ። በእውነተኛው አምፕ ላይ ሲግናሉ በቶን ሰርኪዩቱ በኩል ወደ ግራውንድ ስለሚፈስ ድምፁ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ፕለጊኑ በደስታ መጮሁን ከቀጠለ ቶን መቆጣጠሪያው ተራ ኢኪው ነው።

በትዊድ ደሉክስ ሞዴል ላይ ደግሞ ጊታሩ ያልተሰካበትን ቻናል ቮሊዩም አዙሩ። በ5ኢ3 ሁለቱ ቮሊዩሞች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ባዶው ቻናል ሲከፈት የሌላኛው ጉልበትና ቃና ይለወጣል። ብዙ የትዊድ ተጫዋቾች ድምፃቸውን የሚያስተካክሉት በዚህ ነው። ምንም ካልተለወጠ ወይም ሁለተኛው ቮሊዩም ጭራሽ ከሌለ፣ ሞዴሉ የአምፑን ግማሽ ጠባይ ትቶታል።

ሦስተኛው ለሁሉም አምፕ ይሠራል፦ አምፑን አጨናንቁና የጊታሩን ቮሊዩም ከ10 ወደ 4 ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ጥሩ ሞዴል ከጉርምርምታ ወደ ጥርት ያለ ድምፅ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። መጥፎው በሆነ ነጥብ ላይ ድንገት ይቀየራል፣ ወይም ዲስቶርሽኑ እንዳለ ሆኖ ድምፁ ብቻ ያንሳል።

ካፕቸር

ካፕቸር የአንድ እውነተኛ አምፕ የአንድ አቀማመጥ ቅጂ ነው። የታወቀ የሙከራ ድምፅ ወደ አምፑ ይላካል፣ የሚመለሰው ይቀረጻል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ይማራል። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ በብዛት የሚገኙት ነጻ የሆነው ኒዩራል አምፕ ሞዴለር እና በ2022 የወጣው ቶንኤክስ ናቸው፤ ሁለቱም ኒዩራል ኔትወርክ ይጠቀማሉ።

በተቀረጸበት አቀማመጥ ላይ ጥሩ ካፕቸርን ከአምፑ መለየት በጣም ያስቸግራል። ችግሩ ከዚያ አቀማመጥ ስትወጡ ይጀምራል። በካፕቸር ማጫወቻው ላይ የሚታየው ትሬብልና ቤዝ ብዙውን ጊዜ ከአምፑ በኋላ የተጨመረ ኢኪው ነው፤ ጌይኑም ከአምፑ በፊት ሲግናሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነጠላ ካፕቸር አውርዳችሁ በጌይን ለማስተካከል ከምትለፉ፣ የዚያኑ አምፕ የተለያዩ አቀማመጦች የያዘ ስብስብ ፈልጉ። ለትዊድ ደሉክስ ቮሊዩሙ 3፣ 5፣ 7፣ 9 እና 12 ላይ የተወሰዱ አምስት ካፕቸሮች አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ።

ሪቨርብና ትሬሞሎ በካፕቸር አይያዙም። ኔትወርኩ ወደ ኋላ የሚያስታውሰው የሰከንድ ክፍልፋይ ስለሆነ እንደ ስፕሪንግ ሪቨርብ ጭራ ያለ ረጅም ነገር ከአቅሙ ውጭ ነው። በካፕቸር የተገኘ ትዊን ሪቨርብ ላይ ሪቨርቡን በሌላ ፕለጊን መጨመር ግድ ይላል።

ካፕቸር ስታወርዱ መግለጫው ላይ በመጀመሪያ የምታዩት አምፕ ብቻ ነው ወይስ ከካቢኔትና ከማይክ ጋር የሚለውን ይሁን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካቢኔትና ማይክ በውስጡ ያለው ካፕቸር ላይ ሌላ ካቢኔት ከጨመራችሁ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። አምፕ ብቻ የሆነውን ያለ ካቢኔት ከሰማችሁት ደግሞ እንደ ንብ መንጋ ይንዛዛል፤ የጊታር ስፒከር ከ5 እስከ 6 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ስለሚቆርጥና ያ መቁረጫ ስለሌለ ነው።

አምፕ በእጃችሁ ካለ ራሳችሁ መቅረጹ ይመረጣል። አምፑ 20 ደቂቃ ይሙቅ። ሪቨርብና ትሬሞሎ ይጥፉ። ከኢንተርፌሱ (ጊታሩን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው መሣሪያ) ወደ አምፑ የሚሄደው ሲግናል በሪአምፕ ቦክስ ይለፍ፤ ያለዚያ አምፑ የሚያገኘው ከጊታር የተለየ ደረጃና ኢምፒዳንስ ነው። ለኒዩራል አምፕ ሞዴለር የሙከራ ፋይሉን እንዳለ፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት አጫውቱ፤ የተቀረጸው ከመጫወቻው ፋይል ጋር እኩል ርዝመት ይኑረው፣ የትም ቦታ ክሊፕ አያድርግ (ከመጠን በላይ ጮኾ አይቆረጥ)፣ ምንም ኮምፕረሰር ወይም ኖይዝ ጌት አይነካው። ሥልጠናው ሲያልቅ ኢኤስአር የሚባል የስሕተት ቁጥር ይሰጣችኋል። ከ0.01 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። በጣም ከበለጠ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ክሊፕ ያደረገ ቀረጻ፣ የአምፑ ኸም (የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ) ወይም ሳይጠፋ የቀረ ሪቨርብ ነው።

ካቢኔቱና አይአር

ኢምፐልስ ሪስፖንስ፣ ባጭሩ አይአር፣ የስፒከሩን፣ የካቢኔቱንና የማይኩን ቃና በአንድ አጭር የድምፅ ፋይል ይይዛል። ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ የሚረዝም ፋይል ለቅርብ ማይክ ይበቃል፤ የክፍሉን ድምፅ ለመያዝ 200 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

አይአር የማይዘው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ የስፒከሩን መጨናነቅ። ስፒከሩ ቀስ ተብሎም ሆነ በኃይል ሲነዳ አይአሩ አንድ ዓይነት ምላሽ ነው የሚሰጠው። ለትዊን ሪቨርብ ይህ ምንም አይደለም፤ ስፒከሮቹ ሳይጨናነቁ ይሠራሉ። ለትዊድ ደሉክስና እያንዳንዳቸው 15 ዋት የሆኑ ሴለስቺን ብሉ ስፒከሮች ላሉት የተጨናነቀ ኤሲ30 ግን ከድምፁ አንድ ቁራሽ ይጎድላል። ለእነዚህ ሁለት አምፖች ካቢኔቱንና ማይኩን አብሮ የያዘ ካፕቸር የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ የስፒከሩ መጨናነቅ በማይኩ በኩል አብሮ ስለሚገባ።

ሁለት አይአር ስትቀላቅሉ፣ ለምሳሌ የኤስኤም57 ማይክንና የሪቦን ማይክን፣ የመድረሻ ጊዜያቸው እኩል መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ በ1 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ 500 ኸርዝና 1,500 ኸርዝ ላይ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ድምፁ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። በተጨማሪም በ44.1 ኪሎኸርዝ የተሠራ አይአር በ48 ኪሎኸርዝ ፕሮጀክት ውስጥ ሳይቀየር ቢጫን የካቢኔቱ ቃና በ9 በመቶ ገደማ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ትልቁ ካቢኔት ትንሽ ይመስላል። አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ቃናውን በኢኪው ከማሻሻል በፊት አይአሩን መቀየር ይቀድማል። በአንድ አምፕ ሞዴል ላይ አይአር መለወጥ ብዙ ጊዜ አምፑን ራሱን ከመለወጥ የበለጠ ይሰማል።

እውነተኛ አምፕ ከሎድ ቦክስ ጋር

የድሮውን አምፕ ወይም ታማኝ ቅጂውን በባለቤትነት ለያዘ ሰው የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። አምፑ እስከ ፈለገው ይከፈታል፣ ጉልበቱን ሎድ ቦክሱ በሙቀት መልክ ይውጣል፣ ሲግናሉ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ አይአር ይጨመርበታል። ጎረቤት ምንም አይሰማም።

ሎድ ቦክስ ሁለት ዓይነት ነው። ሬዚስቲቭ የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኢምፒዳንስ ያሳያል። ሪአክቲቭ የሚባለው እንደ እውነተኛ ስፒከር በታችኛው ድምፅ ላይ ጉብ ይላል፣ ወደ ላይኛው ድምፅም እየጨመረ ይሄዳል። ቀደም ብለን ያነሳነው ነጥብ እዚህ ይመጣል፦ ትዊድ ደሉክስና ኤሲ30 ኔጋቲቭ ፊድባክ ስለሌላቸው በሬዚስቲቭ ሎድ ላይ ቤዛቸውም ትሬብላቸውም ይወርዳል፤ ድምፁ ጠፍጣፋ ይሆናል። ለእነሱ ሪአክቲቭ ሎድ ግድ ነው። ፕሌክሲው ይህን ያህል አይጎዳም፣ ቢሆንም ሪአክቲቩ ይሻለዋል።

የቲዩብ አምፕን ያለ ስፒከር ወይም ያለ ሎድ አትክፈቱ፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፣ በድሮ አምፕ ላይ ደግሞ ኦሪጅናሉን ትራንስፎርመር መተካት አይቻልም ማለት ይቻላል። የአምፑና የሎድ ቦክሱ ኦም ይግጠም፣ 8 ከ8 ጋር፣ 16 ከ16 ጋር። በዋትም አትቆጥቡ፤ 100 ዋት የተባለ አምፕ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከ100 ዋት በላይ ያወጣል፣ ስለዚህ ልኩ የሆነ ሎድ ሳይሆን ትርፍ ያለው ምረጡ።

እኛ የምንመርጠው

ለትዊን ሪቨርብና ለመሰሎቹ ጥሩ የሰርኪዩት ሞዴል ከአይአር ጋር። ሪቨርቡና ትሬሞሎው የድምፁ አካል ስለሆኑ ካፕቸር እዚህ ያጎድላል።

ለትዊድ ደሉክስ ካቢኔቱን የያዘ የካፕቸር ስብስብ። የመጫወቻ አቀማመጡ እየተለወጠ ለሚሄድ ዘፈን፣ ወይም ሁለቱን ቮሊዩሞች እያዋሃዱ ቃና መፈለግ ለሚወዱ፣ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ያለፈ ሞዴል።

ኤሲ30 በሁለቱ መካከል ነው። ጥርት ያለ ድምፁ በሞዴል ደህና ይመጣል፤ ከተጨናነቀ በኋላ ያለው ጩኸት ግን በካፕቸር የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን።

ፕሌክሲ ላይ ውሳኔው ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው አንድ ወይም ሁለት አቀማመጥ ብቻ ስለሚጠቀም ካፕቸር ይበቃል። ሁለቱን ቻናሎች በአጭር ኬብል አያይዘው የተቀረጹትን ፈልጉ፤ ብሩሁ ቻናል ለብቻው ጆሮ ይወጋል።

ፈዝ ፔዳል (ዲስቶርሽን የሚጨምር የእግር መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ፦ እውነተኛውን ፔዳል ከኢንተርፌሱ በፊት አድርጉት። የድሮ ዓይነት ፈዝ ከጊታሩ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል ከሚቀይረው ክፍል) ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ፒካፑን ይጫነዋል፣ የጊታር ቮሊዩም ሲወርድ የሚጠራውም በዚያ ነው። በሶፍትዌር ያለው ፈዝ ከኢንተርፌሱ በኋላ ስለሚመጣ ይህን ግንኙነት አያገኝም፤ መስሎ ለመታየት በተለየ መንገድ ካልተሠራ በቀር።

ሳትፈርዱ በፊት ደረጃውን አስተካክሉ

"ይህ ፕለጊን መጥፎ ነው" ከሚባሉት ብዙዎቹ የተሳሳተ ሲግናል የገባባቸው ናቸው። ጊታሩ የሚሰካው በጊታር መግቢያው ነው፣ ኢምፒዳንሱ 1 ሜጋኦም ገደማ በሆነው። የላይን መግቢያ 10 ኪሎኦም ገደማ ስለሆነ ፒካፑን ይጫንና የላይኛውን ድምፅ ይበላዋል፤ ያን በኢኪው መመለስ አይቻልም።

የኢንተርፌሱን ጌይን ዝቅተኛው ላይ አድርጉና በማኑዋሉ ውስጥ የጊታር መግቢያው ከፍተኛ ደረጃ ስንት ዲቢዩ (የሲግናል ደረጃ መለኪያ) እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ ፕለጊኑ ወይም ካፕቸሩ የተሠራበትን ቁጥር ፈልጉ። ኢንተርፌሱ 14፣ ፕለጊኑ 12 ከሆነ ሲግናላችሁ በ2 ዴሲቤል ያነሰ ሆኖ ይገባል፤ በፕለጊኑ ኢንፑት ላይ 2 ዴሲቤል ጨምሩ። ኢንተርፌሱ 10 ከሆነ 2 ዴሲቤል ቀንሱ። ይህ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ጊታር በቀየራችሁ ቁጥር አትንኩት፤ ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ከሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) በላይ አምፑን መግፋቱ የድምፁ አካል ነው።

ሌላው ፈተና ኤሊያሲንግ ነው። ዲስቶርሽን አዳዲስ ሃርሞኒክስ (ከኖታው በላይ የሚሰሙ ተጨማሪ ድምፆች) ይፈጥራል፤ በ48 ኪሎኸርዝ ፕሮጀክት ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ የሚወጣው ተመልሶ ወደ ታች ይታጠፋል። 30 ኪሎኸርዝ ላይ ሊወጣ የነበረው 18 ላይ ይታያል፣ ከኖታው ጋርም ምንም ዝምድና የለውም። ለመስማት ጌይኑን ከፍ አድርጉና ከ15ኛው ፍሬት በላይ አንድ ክር በዝግታ ወደ ላይ ጎትቱ። ኖታው ሲወጣ ከበስተጀርባ የሚወርድ ቀጭን ፉጨት ከተሰማ ኤሊያሲንግ ነው። ኦቨርሳምፕሊንጉን (ፕለጊኑ በውስጡ ከፍ ባለ ፍጥነት እንዲያሰላ የሚያደርገውን) 4 ወይም 8 እጥፍ አድርጉ። ኮምፒውተሩ ካልቻለ እየተጫወታችሁ ዝቅ አድርጉት፣ የመጨረሻው ፋይል ሲወጣ ብቻ ከፍ ይበል።

ለመጫወት በፈር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የድምፅ ቁራጭ) 64 ወይም 128 ሳምፕል ይሁን። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ሳምፕል 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ መግቢያውና መውጫው ሲደመር ከእጥፉ ትንሽ ያልፋል። ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ሲሆን ጣት መዘግየቱን ያውቀዋል፣ ተጫዋቹም ሳይታወቀው ከምቱ ቀድሞ መምታት ይጀምራል።

ሁለት አማራጮችን ስታወዳድሩ አንድ የተቀረጸ ደረቅ (አምፕ ያልነካው) ጊታር በሁለቱም በኩል አሳልፉ፤ በየጊዜው አዲስ መምታት ንጽጽሩን ያበላሸዋል። የሁለቱን ጩኸት በግማሽ ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ አምጡ፣ ጆሮ ከፍ ያለውን ስለሚያደላ። የምታዳምጡትም ከድራሙና ከቤዙ ጋር ይሁን። ለብቻው ትልቅ የነበረው ድምፅ እዚያ ይሰጥማል፣ ቀጭን የመሰለውም ቦታውን ያገኛል። በድሮ ቀረጻዎች ላይ ያለው ዲስቶርሽን ከምናስታውሰው ያነሰ ስለሆነ፣ የወደዳችሁትን ጌይን በሩብ ቀንሳችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ስሙ።

ደረቁን ትራክ ከካፕቸሩና ከአይአሩ ፋይል ጋር በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፣ የተሠራውንም ድምፅ ለብቻው እንደ ኦዲዮ ፋይል አውጡ። ፕለጊኑ በአዲስ እትም ድምፁ ቢለወጥ ወይም ጭራሽ ባይከፈት የጸደቀው ጊታር እንዳለ ይቆያል፤ እንደገና መሥራት ቢያስፈልግም ደረቁ ትራክ እዚያው አለ።